ልደት የማይጨርሰው ሥራ

በ1954 በቪየና ከተማ አንድሬያስ ሬት የተባለ የሕፃናት ሐኪም በክሊኒኩ የተራ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴት ልጆችን አየ። እያንዳንዷ በእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱም እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው፣ እጁን እንደሚታጠብ ሰው ሳያቋርጡ ያሻሉ። ሐኪሙ አንዷን ብቻ አይቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ልብ ሳይል ያልፋት ነበር፤ ጎን ለጎን ሲያያቸው ግን እንቅስቃሴያቸው አንድ መሆኑ ትኩረቱን ሳበው። የሕሙማኑን መዝገብ ሲያገላብጥ እንደነሱ ያሉ ሌሎች ስድስት ሴት ልጆች አገኘ።

የልጆቹ ታሪክ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ጤነኛ ሆነው ተወልደዋል። ጡት ጠብተዋል፣ ፈገግ ብለዋል፣ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹም ጥቂት ቃላት ማውጣት ጀምረው ነበር። ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ ግን እድገታቸው ቀዘቀዘ፤ ከዚያም የለመዱት ነገር አንድ በአንድ ጠፋ። አሻንጉሊት ይይዝ የነበረው እጅ መያዝ ተወ፤ አፏን ፈትታ የነበረች ልጅ ዝም አለች። ቀጥሎ የእጅ መፍተጉ፣ የትንፋሽ መዛባቱ፣ የሚጥል በሽታው መጣ።

ጤነኛ ሆኖ የተወለደ አንጎል ከወራት በኋላ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየ ሐኪም፣ የነርቭ ህዋሳቱ እየሞቱ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሞተ የነርቭ ህዋስ ደግሞ አይመለስም። ይህ ፍርድ ስህተት መሆኑ እስኪረጋገጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የአጥቢ እንስሳት አንጎል ከልደት በኋላ የጂኖቹን አነባበብ እንደሚቀይር፣ ይህም አነባበብ ዕድሜ ልክ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው የታወቀው በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው የዚያ ግኝት ታሪክ ነው፤ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬት ያየውን በ1966 በጀርመንኛ አሳተመ። ሕመሙ በደም ውስጥ ከሚበዛ አሞኒያ ጋር የተያያዘ መስሎት ነበር፤ ግምቱ በኋላ አልጸናም። ጽሑፉም ከጀርመንኛ አንባቢዎች አልፎ ብዙም ሳይሰማ ቀረ።

በእነዚያው ዓመታት ከቪየና ርቀው የሚገኙ ሌሎች ሰዎች፣ ስለ ልጆቹ ምንም ሳያውቁ፣ የእንቆቅልሹን ቁርጥራጮች ይሰበስቡ ነበር። በ1961 እንግሊዛዊቷ ሜሪ ላየን የአይጦችን የጸጉር ቀለም አጥንታ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ሴት አጥቢ እንስሳት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ቢኖራቸውም በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ገና በፅንስነት ጊዜ ይዘጋል፤ የትኛው እንደሚዘጋ የሚወስነውም ዕድል ነው። ስለዚህ የሴት አካል ከእናት የመጣውን ኤክስ የሚጠቀሙና ከአባት የመጣውን ኤክስ የሚጠቀሙ ህዋሳት ቅልቅል ነው።

በ1963 ደግሞ በአሜሪካ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል የድመት ግልገሎችን የአንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ለወራት ዘጉት። ስፌቱ ሲፈታ ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ነበር። በአንጎሉ የማያ ክፍል ያሉት ህዋሳት ግን ለዚያ ዓይን መልስ መስጠት ትተዋል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ተከፈተው ዓይን ዞረዋል። ያንኑ ነገር በትልቅ ድመት ላይ ሲሞክሩት ምንም ለውጥ አልመጣም። አንጎል ከልደት በኋላ ከዓለም የሚደርሰውን ነገር ይዞ የሚገነባበት የተወሰነ ጊዜ እንዳለው በዚህ ታወቀ። ሁለቱ ሰዎች በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በሰው ልጅ ላይ ይህን በቁጥር ያሳየው በቺካጎ የሚሠራው የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ፒተር ሁተንሎከር ነው። ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ የአንጎል ናሙናዎችን፣ ከአራስ እስከ አዛውንት፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያየ ሲናፕሶችን፣ ማለትም የነርቭ ህዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙባቸውን ነጥቦች፣ ቆጠረ። በ1979 ያሳተመው ውጤት እንደሚያሳየው በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል የሲናፕሶች ጥግግት ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ያኔ ከአዋቂው በ50 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ እየተመነጠረ ይቀንሳል። ሬት ያያቸው ልጆች ወደ ኋላ መመለስ የጀመሩት ግንባታው በተፋፋመበት በዚያው ወቅት ነበር።

ታዲያ ይህን ግንባታ የሚመራው ምንድን ነው? የጉበትም የቆዳም የአንጎልም ህዋስ የያዘው ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ከጂኖቹ የትኛው፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚነበብ ነው። ጂን ሲነበብ አር-ኤን-ኤ የሚባል ቅጂ ይወጣለታል፤ ከቅጂውም ፕሮቲን ይሠራል። በ1975 በአሜሪካ አርተር ሪግስ፣ በእንግሊዝ ሮቢን ሆሊዴይና ጆን ፒዩ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። በዲኤንኤ ፊደላት ላይ የምትለጠፍ ሜቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት አለች፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ናት። ህዋስ የትኞቹን ጂኖች እንደሚያነብና የትኞቹን እንደሚተው የሚያስታውሰው በዚህች ምልክት ሊሆን ይችላል አሉ። ፊደሉ አይለወጥም፤ ምልክቱ ግን ይጨመርበታል፣ ህዋሱ ሲከፈልም ይወረሳል።

የ1980ዎቹ ዓመታት የልጆቹን ሕመምና የጂን ንባብን የሚያጠኑትን ሁለት መስመሮች አቀራረቡ። በ1983 ስዊድናዊው የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ቤንግት ሃግበርግ ከፈረንሳይና ከፖርቱጋል ባልደረቦቹ ጋር የ35 ልጆችን ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሃግበርግ ሕመሙን በቀዳሚው ሐኪም ስም ሬት ሲንድረም ብሎ ጠራው፤ ዓለም የሰማውም ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ ሁዳ ዞግቢ የሕፃናት ነርቭ ሕክምና ትማር ነበር። የቤይሩት ተወላጅ ናት፤ የሕክምና ትምህርቷን በሊባኖስ ጀምራ የእርስ በርስ ጦርነቱ ስላቋረጣት አሜሪካ ገብታ ነው የጨረሰችው። በ1983 የመጀመሪያዋን የሬት ሲንድረም ታካሚ አየች። ብዙም ሳይቆይ በስህተት ሌላ የሕመም ስም የተሰጣት ሁለተኛ ልጅ ገጠመቻት። ሁለቱ እንደዚያ መመሳሰላቸው የአንድ ጂን ሥራ መሆን አለበት ብላ አመነች። ሐሳቧን የተቀበላት ሰው ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም በሽታው በዘር ሐረግ ሲወርድ አይታይም። ከጥቂት ቤተሰቦች በቀር እያንዳንዷ ልጅ በቤተሰቧ ውስጥ ብቸኛ ታማሚ ናት። የሚከተሉት ዘር ከሌለ ጂን መፈለግ እጅግ ያስቸግራል፤ ዞግቢ ግን ሥራውን አልለቀቀችውም። ፍለጋው 16 ዓመት ፈጀ።

በእነዚያ 16 ዓመታት ውስጥ ከእርሷ ላቦራቶሪ ውጭም ብዙ ተሠራ። በ1984 ማይክል ግሪንበርግና ኤድዋርድ ዚፍ ለህዋስ እድገትን የሚያነሳሳ ምልክት ሲሰጠው ሲ-ፎስ የተባለ ጂን በደቂቃዎች ውስጥ መነበብ እንደሚጀምር አሳዩ። በ1987 ጄምስ ሞርጋንና ቶም ከራን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንኑ ጂን በአይጥ አንጎል ውስጥ አገኙት፤ የነርቭ ህዋሳቱ በኃይል ሲቀሰቀሱ ሲ-ፎስ ወዲያው ተነበበ። የነርቭ ህዋስ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መልእክት እስከ ጂኖቹ ድረስ እንደሚዘልቅ፣ ማየትና መስማትም የጂንን ንባብ ሊለውጡ እንደሚችሉ ከዚህ በኋላ መጠራጠር አስቸጋሪ ሆነ።

በ1994 የታየው ደግሞ ይበልጥ ቁርጥ ያለ ነበር። በሲናፕሶች ላይ ኤንኤምዲኤ የሚባል፣ ለመማር እጅግ አስፈላጊ የሆነ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። አይጥ ሲወለድ ይህ ተቀባይ በአብዛኛው የሚሠራው ከአንድ ጂን በሚወጣ ክፍል ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሌላ ጂን መነበብ ይጨምርና የእርሱ ክፍል ቦታውን እየያዘ ይሄዳል፤ በዚህ ለውጥ የተቀባዩ ምላሽ ያጥራል። በሌሎች ጥናቶች እንደታየው በጨለማ ያደጉ አይጦች ላይ ልውውጡ ይዘገያል፤ ብርሃን ሲያዩ ግን በሰዓታት ውስጥ ይገፋል። ሁበልና ቪዝል በተሰፋው ዓይን ያዩት ነገር በጂን ደረጃ ምን እንደሚመስል ከዚህ መገመት ይቻላል።

በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ፣ ኤድሪያን በርድ የሜቲል ምልክቶችን ማን ያነባቸዋል የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይሠራ ነበር። በ1992 እርሱና ባልደረቦቹ ሜቲል ያለበትን ዲኤንኤ ፈልጎ የሚይዝ ፕሮቲን ከአይጥ አንጎል ለይተው አወጡ፤ ስሙን ሜክፒ2 አሉት። በኋላ እንደታወቀው ፕሮቲኑ ምልክቱን ሲይዝ ሌሎች ፕሮቲኖችን ጠርቶ የጂኑን ንባብ ዝቅ ያስደርጋል። በርድ ያን ጊዜ ሬት ሲንድረምን እያጠና አልነበረም፤ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው።

በ1999 ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። የዞግቢ ቡድን የጂኑን መገኛ ጥቂት ከሆኑት የቤተሰብ ጉዳዮች ተነሥቶ ወደ ኤክስ ክሮሞሶም ጫፍ አጥብቦት ነበር። በዚያ ክልል ያሉትን ጂኖች አንድ በአንድ ሲመረምሩ ሩቲ አሚር የተባለች ተመራማሪ በሜክፒ2 ጂን ላይ ስህተቶችን አገኘች፤ በቤተሰባቸው ብቸኛ ታማሚ ከሆኑት 21 ልጆች በ5ቱ ላይ። ስህተቶቹ በወላጆቻቸው ላይ የሉም፤ አዲስ የተፈጠሩ ናቸው። በሽታው በዘር ሐረግ የማይታየውም ለዚህ ነው። በኋላ ምርመራው ሲሰፋ ከተለመደው ዓይነት ታማሚዎች ከ90 በመቶ በላይ በዚሁ ጂን ላይ ስህተት እንዳለባቸው ታወቀ።

የሜሪ ላየን ሐሳብም ቦታውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጂኑ በኤክስ ላይ ስለሆነ፣ በታመመች ልጅ አንጎል ውስጥ ግማሽ ያህሉ ህዋሳት የተበላሸውን፣ የቀሩት ጤነኛውን ይጠቀማሉ። ጤነኞቹ ልጅቷን በሕይወት ያቆዩአታል። ወንድ ልጅ ግን ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ ጂኑ ሙሉ በሙሉ ከተበላሸበት ገና በሕፃንነቱ በጽኑ ይታመማል፣ ብዙውን ጊዜም አይቆይም። ከ10,000 ሴት ልጆች አንዷን ገደማ የሚይዘው ይህ ሕመም የሴቶች የሚመስልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጂኑ ተገኘ፤ የጊዜው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ስህተቱ ከፅንስነት ጀምሮ ካለ ልጅቷ ለምን ወራት ጠብቃ ትታመማለች? በ2001 የበርድ ቡድን በኤዲንብራ፣ የሩዶልፍ ዬኒሽ ቡድን ደግሞ በአሜሪካ ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች አሳደጉ። አይጦቹ ጤነኛ መስለው ተወለዱ፤ ጠቡ፣ አደጉ፤ ከሳምንታት በኋላ ግን መንቀጥቀጥ፣ በዝግታ መራመድና ትንፋሽ ማዛባት ጀመሩ። ጂኑ ከአንጎል ብቻ ሲወገድም ያው ሆነ። በጤነኛ አይጥ ሲታይ ደግሞ በአራስ አንጎል ውስጥ ሜክፒ2 ጥቂት ነው፤ የነርቭ ህዋሳቱ ሲጎለምሱና ሲናፕሶቻቸው ሲበዙ መጠኑ አብሮ ይጨምራል። ፕሮቲኑ በብዛት የሚፈለገው ከልደት በኋላ ስለሆነ ጉድለቱም የሚታየው ያኔ ነው።

ጉድለቱ ይህን ካመጣ፣ ትርፉስ? በ2004 የዞግቢ ላቦራቶሪ ሜክፒ2ን በእጥፍ የሚያመርቱ አይጦች ፈጠረ። እነሱም እያደሩ ታመሙ። በተከታዩ ዓመት ጂኑ በእጥፍ የተገኘባቸው ወንድ ልጆች በሕክምና መጽሔት ተገለጹ፤ ዝግ ያለ እድገት፣ የሚጥል በሽታና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ነበረባቸው። ወጥ ውስጥ ያለ ጨው ቢያንስም ቢበዛም እንደሚያበላሽ፣ አንጎልም የዚህን ፕሮቲን መጠን በጠባብ ወሰን ይሻል። ይህ ግኝት ከዚያ በኋላ ለመጣው የሕክምና ሙከራ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ከዚያ 2007 መጣ። በበርድ ቡድን ጃኪ ጋይ የሠራችው ሙከራ በቀላል ጥያቄ ተነሣ፦ ከታመመ በኋላ ጂኑ ቢመለስለትስ? በአይጦቹ ጂን ውስጥ ንባብን የሚያቆም የዲኤንኤ ቁራጭ አስገቡ። ቁራጩን ቆርጦ የሚያወጣ ፕሮቲንም አብረው ሰጧቸው፤ ይህ ፕሮቲን ታሞክሲፌን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት እስኪሰጥ ድረስ ወደ ህዋሱ አስኳል አይገባም። አይጦቹ ታመሙ። ጸጉራቸው ተንጨፈረረ፣ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፤ በጭራቸው ሲያነሷቸው ጤነኛ አይጥ የኋላ እግሮቹን እንደሚዘረጋ ሳይሆን አጣጥፈው ይቆልፏቸዋል። አንዳንዶቹ ለሞት ቀርበው ነበር። መድኃኒቱ ተሰጠ፤ ጂኑ ተከፈተ። በሳምንታት ውስጥ እነዚያው አይጦች ተራመዱ፣ ትንፋሻቸው ተስተካከለ፣ ከጤነኞቹ ለመለየት አዳገተ። ወራት ሙሉ ታመው የቆዩ ትልልቅ ሴት አይጦችም አገገሙ።

ይህን ያህል የጠበቀ ሰው አልነበረም። የነርቭ ህዋሳቱ አልሞቱም ነበር፤ ሠርተው የማያውቁ መስለው የታዩት ግንኙነቶችም ፕሮቲኑ ሲመለስ ሥራ ጀመሩ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ለወላጆች ሲነገር የኖረው ፍርድ በአይጥ ላይ ተሻረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሜክፒ2 ምን እንደሚሠራ ይበልጥ ግልጽ አደረጉ። በ2010 የበርድ ቡድን በጎለመሰ የአይጥ የነርቭ ህዋስ አስኳል ውስጥ 16 ሚሊዮን ገደማ የሜክፒ2 ሞለኪውሎች እንዳሉ ቆጠረ፤ ዲኤንኤው ከዳር እስከ ዳር በእነሱ የተሸፈነ ያህል ነው። በ2011 የዞግቢ ቡድን ጂኑን ካደጉ አይጦች ላይ አጠፋ፤ እነሱም ታመሙ። ፕሮቲኑ በልጅነት ሠርቶ የሚሰናበት አይደለም ማለት ነው።

በ2013 በካሊፎርኒያ የሶልክ ተቋም የጆሴፍ ኤከር ቡድን የአይጥንና የሰውን አንጎል በተለያየ ዕድሜ አነጻጸረ። በአብዛኛው አካል ላይ ሜቲል የሚለጠፈው ሲ የተባለውን የዲኤንኤ ፊደል ጂ ሲከተለው ብቻ ነው። በነርቭ ህዋሳት ውስጥ ግን ሌሎች ፊደላት በሚከተሏቸው ሲዎች ላይም ተገኘ፣ በተለይ ኤ በሚከተላቸው ላይ። ይህ ልዩ ምልክት በፅንስ አንጎል ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል። በአይጥ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ በሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በፍጥነት ይጨምራል፤ በጉርምስናም በዝግታ ይቀጥላል። ሁተንሎከር ሲናፕስ ሲቆጥር ያገኘው የጊዜ ሰሌዳ እንደገና በሌላ በር ገባ። ሜክፒ2 እነዚህን አዳዲስ ምልክቶችም እንደሚይዝ ተረጋገጠ። በ2015 ያ የሲ-ፎሱ ግሪንበርግ፣ አሁን በሃርቫርድ፣ ሜክፒ2 በተለይ ረጃጅም የሆኑትን የአንጎል ጂኖች ንባብ ልከኛ እንደሚያደርግ ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። በ2017 ደግሞ በልጅነት ብዙ የሚነበብ ጂን ከዚህ ምልክት ጥቂት እንደሚያርፍበት፣ ጥቂት የሚነበበው ብዙ እንደሚያርፍበት አሳዩ። የልጅነት ንባብ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አሻራ ይተዋል።

በ2020 በርድና ዞግቢ ስለዚህ ሁሉ ሥራ የአንጎል ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በመጋቢት 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ትሮፊኔታይድ የተባለውን የመጀመሪያውን የሬት ሲንድረም መድኃኒት ፈቀደ፤ ምልክቶችን ያቀልላል እንጂ ጂኑን አይተካም። በዚያው ዓመት ጤነኛ ጂን በቫይረስ ጭኖ ወደ ታማሚዎች የማድረስ ሙከራ ተጀመረ። በ2024 ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት አንዷ፣ ለቫይረሱ መጠን ሰውነቷ በሰጠው ብርቱ የመከላከል ምላሽ ሕይወቷ አለፈ፤ ያ መጠን ተቋረጠ፣ ዝቅተኛው ቀጠለ። ጂኑ ራሱም ከልኩ እንዳያልፍ ራሱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ተገጥሞለት ነው የሚላከው፤ የ2004ቱ ትምህርት አልተረሳም።

የአይጥ ፈውስ የሰው ፈውስ ነው ማለት አይቻልም፤ የሰው አንጎል ግንባታ ዓመታትን ይወስዳል፣ ያመለጠው የልጅነት ጊዜም ዋጋ አለው። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ግን ጸንቶ ይቆማል። በእነዚህ ልጆች አንጎል ውስጥ ያሉት ህዋሳት በሕይወት አሉ። እጃቸው ባይታዘዝም ዓይናቸው ይመርጣል፤ ዛሬ ብዙዎቹ የዓይን እይታን በሚከታተል ኮምፒውተር የፈለጉትን ያመለክታሉ። ስለዚህ የሚያነጋግራቸው፣ የሚያነብላቸው፣ እግራቸውን የሚያንቀሳቅስላቸው ሰው የሚያደርገው ለማጽናናት ያህል አይደለም። ጂኑን የሚመልስ ሕክምና ሲደርስ የሚያገኘው አንጎል እስከዚያ ቀን ድረስ ያዩት፣ የሰሙትና የተጫወቱት የሠራውን ነው፤ ያን ሥራ መጀመር ደግሞ መድኃኒት መጠበቅ አያሻውም።